ፎርሙ ኮምፒዩተር ገባ፤ ጉዳያችን ግን መሳቢያ ውስጥ ነው!

ዱሮ መልሱ «ኃላፊው የሉም» ነበር። ዛሬ «ሲስተም የለም» ሆኗል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ የዱሮውን እመርጣለሁ፤ ኃላፊው ቢያንስ ምሳቸውን በልተው ይመለሳሉ። ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ግን የት እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደሚያመሽ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

የተነሣሁት ስለ አገሪቱ ኢንተርኔት ለማውራት አይደለም። እሱ ሌላ ለቅሶ ነው፤ ወደ ኋላ መጠጋጋታችን ባይቀርም። የዛሬው ጉዳዬ ትንሽ ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ለአንድ ክፍል ተብሎ ስለሚዘረጋ የቤት ውስጥ መረብና በዚያ መረብ ላይ ስለሚቀመጥ የመጠየቂያ ፎርም ነው። ፈረንጆቹ ኢንትራኔት ይሉታል። «አገር በጦርነት፣ ሕዝብ በኑሮ ውድነት ተይዞ አንተ ስለ ፎርም ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይታገሰኝ። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ጉዳይ ሊያስፈጽም የተመላለሰ ሰው፣ ኑሮ ከሚከብድባቸው በሮች አንዱ ይኸው ፎርም መሆኑን ሳልነግረው ያውቀዋል።

ሞዴል 20ን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ! ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ዕቃ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል 22። የልጁን የልደት ቀን የሚረሳ አባት እንኳ እነዚህን ቁጥሮች አይረሳም። አንድ ባለሙያ አንድ ደስጣ ወረቀት ቢያስፈልገው ሞዴል 20 ይሞላል። የቅርብ አለቃው ይፈርማል። የክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል። ወረቀቱ «ለሚመለከተው» ተብሎ ይመራል። የሚመለከተው ደግሞ ለሌላ ለሚመለከተው ይመራዋል። ከዚህ በኋላ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቁት ፈጣሪና የጽሕፈት ጠረጴዛው መሳቢያ ብቻ ናቸው። ባለሙያው አራትና አምስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ በመጨረሻ ግምጃ ቤት ሲደርስ «ወረቀት ካለቀ ሰነባብቷል» ይባላል። ይህን መጀመሪያውኑ የሚነግረው አልነበረም።

እንግዲህ የቤት ውስጥ መረብ የሚመጣው ለዚህ ነው። ነገሩ እንዲገባን በመንገድ እንመስለው። ኢንተርኔት የአገር አውራ ጎዳና ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር እንደሚዘልቀው መንገድ ማለት ነው። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ሲፈልግ ይከፍተዋል፣ ሲፈልግ ኬላ ይጥልበታል። ኢንትራኔት ግን የግቢ ውስጥ መንገድ ነው፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ ግምጃ ቤት የሚያደርስ። አንድ ሻል ያለ ኮምፒዩተር ተመርጦ «ሰርቨር» ተብሎ ይሾማል። ስዊች የሚባል ሳጥን ይገዛል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ መብራት ሲሄድ የምትደግፍ ዩፒኤስ ከጎኑ ትቀመጣለች። ሶፍትዌሩ፣ ሊኑክስ በሉት ማይኤስኪውኤል በሉት፣ በነጻ የሚገኝ ነው። ለስብሰባ አዳራሽ መጋረጃ ከሚወጣው ገንዘብ ያነሰ ይበቃዋል። የማንም ሳተላይት፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

እኔ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ገጽና ፎርም እሠራለሁ። ጥቂት ዓመታት ሆነው፣ እዚሁ አዊ ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ (ስሙን አልጠራም፤ ባልጠራውም ሁሉም «እኛን ነው» ብለው መቆጣታቸው አይቀርም) ለንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ክፍሉ የውስጥ ገጾች እንድሠራ ጠራኝ። የጽሕፈት መሣሪያ መጠየቂያ፣ የመኪና ስምሪት መጠየቂያ፣ የጥገና መጠየቂያ፣ ሌላም ሌላም። በመጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። የሚፈልጉት ገጹ ሲከፈት ፎቷቸው እንዲታይ፣ ከሥሩ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት እንዲደረደር፣ በስተቀኝ ደግሞ ዜና እንዲወጣ ነበር። «ዜናው ስለ ምን ይሁን?» አልኳቸው። «ስለ እንቅስቃሴያችን» አሉኝ። ፎርሙን በተመለከተ ትእዛዛቸው አጭር ነበር፦ «ወረቀቱ እንዳለ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ።»

ቀጥዬ ግምጃ ቤት ወረድኩ። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ከቢን ካርድ ጋር የጨረሱ ሰው ናቸው። ስለ ፎቶም ስለ ራዕይም አላነሡልኝም። «ልጄ፣ ያለውንና የሌለውን ዕቃ የምታሳይ ነገር ካለችህ እሷን ሥራልኝ። የሌለ ዕቃ ሊጠይቅ ከሩቅ የመጣ ሰው ፊት ማየት መሮኛል» አሉኝ። አንድ ባለሙያ ስንት ወር አጥንቶ በማያልቅ ሪፖርት የሚጽፈውን ነገር ሽማግሌው ቢን ካርዳቸውን ሳያስቀምጡ ጨረሱት።

ከዚያ ወደ ፊርማው ሄድኩ። ለአንድ ደስጣ ወረቀት ሰባት ፊርማ ቆጠርኩ። «ሰባት ቤት አገው» የምንባል ሰዎች ብንሆንም ይኸ ግን በዛ! እያንዳንዱን ፈራሚ እየዞርኩ «ጌታዬ፣ ሲፈርሙ ምኑን አይተው ነው?» አልኩ። አንደኛው «ከእኔ በፊት የፈረመው አይቶታል» አለኝ። ከእሱ በፊት የፈረመው ዘንድ ስሄድ «ከእኔ በኋላ የሚፈርመው ያየዋል» አለኝ። የምር የሚያዩ ሁለት ብቻ ተገኙ፦ በጀቱን የሚያውቀው የሒሳብ ሰውና ዕቃውን የሚያውቁት የግምጃ ቤቱ ሽማግሌ። የቀሩት አምስቱ ፊርማዎች የሚጠብቁት ንብረቱን አይደለም፤ ወንበሩን ነው። ፊርማ ያለው ሰው ደጅ ይጠናበታል፤ ደጅ የሚጠናበት ሰው ደግሞ ሰው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ማይክል ሐመር የሚባል የኤምአይቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1990 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ነው ያነሣው፤ የተበላሸ አሠራርን ኮምፒዩተር ላይ ብትጭኑት የተበላሸውን ታፋጥኑታላችሁ እንጂ አታድኑትም፣ የማያስፈልገውን ደረጃ መጀመሪያ ንቀሉት የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ምሳሌው የፎርድ መኪና ኩባንያ ነበር። ፎርድ ለአቅራቢዎች ሒሳብ የሚከፍሉ ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ማዝዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህንኑ ሥራ በ5 ሰው ይሠራ ነበር። ኩባንያው ያንሳል ቢባል እንኳ ልዩነቱ አያድርስ ነው። የፎርድ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጋሉ ቢባል የግዢ ማዘዣውን፣ የዕቃ መቀበያውንና የአቅራቢውን ደረሰኝ እያስተያዩ አልገጥም ያለውን ያጣራሉ። በእኛ ቋንቋ ሞዴል 19ን ከማዘዣው ጋር ሲያፋጥጡ ይውላሉ ማለት ነው። በመጨረሻ ያደረጉት ምንድን ነው? ዕቃ ተቀባዩ እዚያው በር ላይ ኮምፒዩተሩን ያያል፤ ከታዘዘው ጋር ከገጠመ ይቀበላል፣ ክፍያው ይታዘዛል፤ ካልገጠመ ዕቃው ይመለሳል። አለቀ። ከሠራተኛው ሦስት አራተኛው ለዚያ ሥራ የማያስፈልግ ሆነ።

የሐመር ስብከት ወደ እኛም ደርሷል እኮ! ቢፒአር የተባለው እሱ ነው፤ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተብሎ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በየመሥሪያ ቤቱ የታወጀው። የዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ስብሰባው፣ ስልጠናው፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ቀስት በቀስት የሆነ ወረቀት! «ክፍል» የነበረው «የሥራ ሂደት» ተባለ፣ ኃላፊው «የሂደት ባለቤት» ተባሉ፣ ሠራተኛው «ፈጻሚ» ሆነ። ሰውየው ደረጃ ንቀሉ ያለውን እኛ ዘንድ ሰው መንቀያ አደረጉት እያለ ያዘነ ሠራተኛ ብዙ ነበር። ከዚያ ቢኤስሲ መጣ፣ ከዚያ ካይዘን መጣ። ሞዴል 20 ግን እንደ ዘንገና ሐይቅ በቦታው ረግቶ ሁሉንም ታዘባቸው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከሠራኋቸው ገጾች አንዷ ላይ ሁለት ዓምድ ጨመርኩ። አንደኛዋ «ጥያቄው በማን እጅ ነው?» የምትል ነች። ሁለተኛዋ «ስንት ቀን ሆነው?» ትላለች። ጠያቂው፣ ጃዊም ይሁን ዚገም፣ ስሙን ከፍቶ ወረቀቱ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛና ስንት ሌሊት እንዳደረ ያያል። ዕቃው ከሌለም ገና ሳይጠይቅ «የለም» የሚል ቃል ይወጣለታል፤ ሽማግሌው ያሉኝ ነገር ማለት ነው። ለሽማግሌው ባሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት። «ማን እንዲያያት ነው?» አሉኝ። «ሁሉም ነዋ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሁሉም ካያትማ ዕድሜዋ አጭር ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ገጹ ሊመረቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኃላፊው አስጠሩኝ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«ጥያቄው የት እንደደረሰ የምታሳይ ናት።»

«ለማን?»

«ለጠያቂው።»

«ጠያቂማ ጠያቂ ነው! ጠይቆ ይጠብቃል እንጂ እኛን ሊቆጣጠረን ነው? ለእኔ ብቻ እንድትታይ አድርጋት።»

ሁለቱ ዓምዶች ለኃላፊው ብቻ የሚታዩ ሆኑ። ማለትም ፈጻሚውን አለቃው ያየዋል፤ አለቃውን ግን ማንም አያየውም። ፎቶውና ራዕዩ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ምረቃው ላይ ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ሪፖርት ላይ «የውስጥ አሠራራችንን ዲጂታላይዝ አድርገናል» ተባለ።

ውድ አንባቢ፣ ነገሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፎርም ማለት ጥያቄ ነው። ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው ባለሥልጣን ነው። ፎርሙ ወረቀት ሆነ ስክሪን ሆነ የሚለወጥ ነገር የለም፤ የሚለወጥ ነገር ካለ የጠያቂው ዓይን ነው። ጠያቂው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ካየ ባለሥልጣኑ መልስ ሰጪ ይሆናል። ካላየ መሳቢያው ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ እንጂ መሳቢያነቱን አልተወም። እንዲያውም የባሰ ነው፤ የእንጨቱን መሳቢያ ቢያንስ ደግ ፀሐፊ ከፍታ «ይኸውልህ እዚህ ነው ያለው» ትልህ ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ኮምፒዩተር የኖረ ማኅበር ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ፈረሰኛ ሲወጣ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደቀረ ጠይቁ እስቲ፤ ሜዳ ላይ ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ያያል። ቢሮ ውስጥ ነው መተያየት ነውር የሆነው።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዛሬ የተከፈተው ነገ ይዘጋል። መኪና ላይ የወጣ ሰው መድረሱን የሚያረጋግጥለት የለም። እንዲህ ባለው ጊዜ አንድ ሠራተኛ «ወረቀትህ የት እንደደረሰ መጥተህ ተከታተል» ተብሎ ከቆላ ወረዳ ወደ ዞን ከተማ ሲጠራ የሚያወጣው የመሳፈሪያ ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ነፍሱን አስይዞ ነው የሚጓዘው። ለምን? አንድ ፊርማ መፈረሟን ለማየት! የጤና ጣቢያ ጓንትና መርፌም፣ የትምህርት ቤት ጠመኔም፣ የአስተማሪ ዝውውርም የሚጓዘው በዚሁ የፊርማ ሰልፍ ነው። እንግዲህ «በማን እጅ ነው?» የምትለዋ ዓምድ ለወረቀት ብቻ ናት የሚል ካለ ይንገረኝ።

«ኔትወርኩ በሚቋረጥበት አገር ይኸ ሁሉ ምን ይሠራል?» ለሚሉ ደግሞ የምመልሰው አለኝ፤ መጠጋጋታችን አይቀርም ያልኩት እዚህ ላይ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቆየ። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. ተቃውሞ ጊዜ አይተነዋል፣ በሰኔ 2011 አይተነዋል። የሰኔ 2012ቱ ደግሞ ያስቃል። በዚያ ወር የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ አጸደቀ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ! የግቢ ውስጥ መረብ ግን ይህን ሁሉ ሊያልፍ ይችላል። ሰርቨሩ እዚያው ግቢ ካለ፣ ኬብሉ እዚያው ግቢ ከተዘረጋ፣ አውራ ጎዳናው ቢዘጋ የግቢው መንገድ አይዘጋም። ሞዴል 20 ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ አዲስ አበባን ማስፈቀድ የለበትም። ከወረዳ የሚመጣውን ጥያቄ እንኳ ቢሆን፣ መስመር በተቋረጠ ቀን በስልክ ተቀብሎ ገጹ ላይ የሚያስገባ፣ ካለበትም የሚናገር አንድ ሠራተኛ ይበቃል።

የሚያሳዝነው ግን አሠራራችን ሁሉን ወደ ላይ መስቀል ይወዳል። ሰርቨሩ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይቀመጣል። እንጅባራ ያለው መዝገብ ቤት እንጅባራ ላለው ግምጃ ቤት መልእክት ሲልክ መልእክቱ አዲስ አበባ ሄዶ ተሳልሞ ይመለሳል። መስመሩ ሲቆረጥ ሁለት ክፍል የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ሆኖ ሳለ «ሲስተም የለም» ይባባላሉ። ገባችሁ አይደል ሲስተም የተባለው ሰውዬ የት እንደሚያመሽ?

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው ሲዘረጋ ተስፋችን ትልቅ ነበር። ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎች በሳተላይት ሳህን ይገናኛሉ ተባለ። ተገናኙም። ሳህኑ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ትልቁ ስክሪን አዳራሽ ገባ። ዋና ሥራው ምን ሆነ? ከላይ ያለው አለቃ ታች ያለውን ሰብስቦ በቪዲዮ የሚናገርበት መድረክ ሆነ! ታች ያለው ጥያቄውን ወደ ላይ ልኮ መልሱን የሚከታተልበት ገጽ ግን በአግባቡ አልታሰበበትም። ቧንቧው ተዘርግቷል፤ ውኃው የሚፈሰው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ባለሙያው አስቦ ሲሠራ ሌላ ነገር መሆን እንደሚችልም አይተናል። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ተራድዖ ገንዘብ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት አይቤክስ የተባለ የበጀትና የሒሳብ ሥርዓት ተሠርቶ ነበር። ለሌላ አገር ተሰፍቶ የመጣ ልብስ አልነበረም። የእኛን የበጀት አያያዝና የእኛን ሒሳብ ሠራተኛ ይዞ የተሠራ ስለሆነ እስከ ወረዳ ፋይናንስ ድረስ ወርዶ ሥራ ላይ ዋለ። የፈረንጅ ገንዘብ ስለመጣ ሳይሆን ሠሪዎቹ ታች ወርደው ስላዩ ነው።

ታች ሳይወርዱ የሚሠሩት ፎርሞች ምን እንደሚመስሉ እነግራችኋለሁ፤ ይህን ጉድ እኔ በየቀኑ ነው የማየው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። እና አንዱ አያቱን ይጽፋል፣ ሌላው አባቱን፤ በኋላ ሲፈለግ የአንድ ሰው መዝገብ ሁለት ቦታ ይገኛል። ፎርሙ ቀን ሲጠይቅ የፈረንጅ ካላንደር ይዘረጋል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ነች። ፎርሙ 13ኛ ወር ሲባል ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ «ተሳስተሃል» ይላል። የዓመት ፈቃዱን በጳጉሜን የጠየቀ ሠራተኛ ከነፈቃዱ የለም ማለት ነው! ፊደሉስ? አንዱ መዝጋቢ «ኃይሌ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው «ሐይሌ»። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። «ፋይልህ የለም» ከተባላችሁ አንዳንዴ የጠፋው ፋይሉ አይደለም፣ የሀሌታው ሀና የሐመሩ ሐ ጠብ ነው። ይህን የሚያስታርቅ ትእዛዝ ጽፎ ማስገባት ለሚያውቅበት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የአውኚ ነገርማ ይለያል። አዊ በክልሉ ሕገ መንግሥት የታወቀ የብሔረሰብ አስተዳደር ነው፤ ምክር ቤት አለው፣ ልጆች በአውኚ ይማራሉ፣ ሬዲዮ በአውኚ ይናገራል። እንግዲያው የመጠየቂያው ፎርም አውኚ የማይናገርበት ምክንያት ምንድን ነው? በየቢሮው የገዛ ቋንቋቸው ያልገባበት ስክሪን ፊት ሰው ቆሞ «ምን ይላል?» እያለ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ለአማርኛ የማያስፈልገው ለአውኚ ግን ግድ የሆነው «ጘ» የተባለው ፊደል እንኳ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሲገባ አብሮ ገብቷል። እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን የፊደል ሶፍትዌር ጭኖ የአንዱ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ዶሮ የጫረው የሚመስልበት ዘመን አልፏል። የሚቀረው ሁለት ቋንቋ የሚናገር ፎርም ሥሩ ብሎ የሚያዝ ሰው ነው።

ሌላው ማመካኛ «ኦዲተር ወረቀት ይፈልጋል» የሚለው ነው። ስለዚህ ፎርሙ ኮምፒዩተር ላይ ይሞላል፣ ከዚያ በፕሪንተር ይወጣል፣ ከዚያ ፊርማ፣ ማኅተምና ቲተር ይደረግበታል፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ ተመልሶ ኮምፒዩተር ይገባል። ወረቀት ለመጠየቅ ወረቀት ይባክናል! የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ተከትሎታል። ሕጉ ኤሌክትሮኒክ ሰነድን ተቀብሎታል፤ ያልተቀበለው ማኅተሙን በቁልፍ የያዘው ሰውዬ ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ ማን መቼ ምን እንዳጸደቀ እስከ ደቂቃው የሚመዘግብ ገጽ ከአንድ የተለቀለቀ ሰማያዊ ክብ ይልቅ ለኦዲተር ይጠቅመዋል። ችግሩም እሱው ሳይሆን ይቀራል?

ሚዛናዊ ልሁን ብዬ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጥያቄ የሚዘገየው ሁልጊዜ በሰው ክፋት አይደለም። በጀት የለም፣ መኪናው ተበላሽቷል፣ ጨረታው ላይ ተጫራች አልቀረበም። ያልፈረመ ሠራተኛ ሁሉ ወንጀለኛ ተደርጎ ስሙ ገጽ ላይ ይሰቀል አላልኩም። ምክንያቱም ይጻፍ ነው የምለው። «በጀት የለም» የሚል ቃል ከፊርማው ቦታ ላይ ይውጣ። ያን ጊዜ ጠያቂው ፈጻሚውን መጥላት ትቶ በጀቱ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ይህችኛዋን ጥያቄ የሚፈራ ብዙ ስለሆነ ነው ዓምዷ የምትደበቀው።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመረቀ፣ ሌሎች ከተሞችም እየተከተሉ ነው። መስተዋቱ ያበራል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ተራ የሚጠራው ድምፅ የሰለጠነ ነው። ጥሩ ነው፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን መሶቡ ምን ያህል ቢያምር እንጀራው የሚጋገረው ጓዳ ነው። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ጥያቄህን በፈገግታ ተቀብላ ወደ ኋላ ስትልከው፣ ኋላ ያለው ክፍል ሰባት ፊርማ ይዞ ከጠበቀው ፈገግታዋ ቀጠሮ ከመስጠት አያልፍም። አንድ ክፍል ለራሱ ሠራተኛ ጥያቄ በሳምንት መልስ መስጠት ካቃተው ለገበሬው እንዴት በአንድ ቀን ይሰጣል?

ሐምሌ 1 በመጣ ቁጥር አዲስ በጀት ይያዛል። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ላይ «ዲጂታላይዜሽን» የሚል መስመር መግባቱ አይቀርም፤ ፋሽን ነው። የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት አባላትም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ሠራተኞችም ያ መስመር ሲነበብ ዝም አትበሉ። ሰርቨሩ የት ነው የሚቀመጠው በሉ። ኢንተርኔት በተዘጋ ቀን ይሠራል ወይ በሉ። ከሰባቱ ፊርማ ስንቱ ተነቀለ፣ ጳጉሜንን ያውቃታል ወይ፣ አውኚስ ይናገራል ወይ በሉ። ከሁሉ በፊት ግን «በማን እጅ ነው? ስንት ቀን ሆነው?» የሚሉት ሁለት ዓምዶች ለጠያቂው ይታያሉ ወይስ ለአለቃው ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ለአለቃው ብቻ» ከሆነ ገንዘቡን ለጠመኔ አውሉት፤ ጠመኔም አልቋል አሉ።